ለገዳይ አንቱታ

የሺሃረግ ከስድስተኛ ክፍል ብታቋርጥም፣ እንግሊዝኛ አታውቅም የሚላትን ሰው ምላሷ አይምረውም ነበር። መዝገበ ቃላት ታቅፋ ለብቻዋ ነው የተማረችው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ፍሰሐ ወደ አቦምሳ መዛወሩን ሲሰማ፣ አሥራ ሁለት የወንጀል ልብ ወለዶቹን ለአንድ ወር አዋሳት፤ ሁሉም የአንዲት እንግሊዛዊት ድርሰቶች ናቸው።

አሰላ ውስጥ በቀበሌው የሴቶች ስፌት ማኅበር ሥራዋ በተማሪ ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ መትከል ነው። ከሴቶቹ ጋር ተዋዋለች፤ ያነበበችውን ስትተርክላቸው የእሷን ቁልፍ እነሱ ይተክላሉ፣ እሷም ቀጣዩን ታነባለች። ታሪኩ ሳያልቅ ገዳዩን ካወቁባት ግን መርፌዋን መልሳ ትይዛለች።

ስምንቱን በሰላም አለፈች። በዘጠነኛው፣ “አንድ ሰው መብራቱን አጠፋችና” የሚል አመለጣት። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ከስፌት መኪናቸው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ “ሚስትየዋ ናታ” አሉ። በመጽሐፉ ቤት ውስጥ ሌላ ሴት አልነበረችም።

እንግሊዝኛው ገዳዩን ከአንድ ቃል ጀርባ ይሸሽጋል። የእኛ ግስ ግን ገዳዩ ቀሚስ ይልበስ ሱሪ ሳይናገር አያልፍም። ሴቷን ወንድ ማድረግ ደግሞ ማጭበርበር ነው ብላ ከሰፊዎቹ አንዷ ራቢያ አስቀድማ ከልክላታለች።

የሺ ሦስት ቀን ሙሉ ቁልፍ ተከለች። ፍሰሐ ሊሄድ ሳምንት ቀርቶታል፤ ሦስቱ መጻሕፍት ሳይነበቡ አቦምሳ ሊወርዱ ነው። ልመና የማታውቀው ልጅ አንድ ዕድል ለመነች፤ ሰጧት።

አሥረኛውን ሌሊት በኩራዝ አንብባ ጨርሳ መተረክ ጀመረች። ቤቱ ውስጥ ያሉት አንድ ሽማግሌ ሐኪም፣ የሟቹ ወንድምና ወጥ ቤት የምትሠራ ልጅ ናቸው።

“አንድ ሰው በጓሮ በር ገቡ። ቢላውን ከመሳቢያ አወጡ።”

ራቢያ መርፌዋን አቆመች። “ለነፍሰ ገዳይ አንቱ?”

“ማን እንደሆኑ ሳላውቅ ላንጓጥጣቸው?”

ራቢያ እንግዲያው ጓድ በያቸዋ ስትል ሁሉም ሳቁ፤ ወዲያው በሩን አየት አድርገው ወደ ስፌታቸው አቀረቀሩ።

ወይዘሮ ወለተ ማርያም መኪናቸውን አቆሙ። “ሐኪሙ ናቸው። አንቺ ለማንም የማትጎነበሺው፣ በዕድሜ ካልሆነ በምን አንቱ አልሻቸው?”

ሌሎቹም አጸደቁላቸው። የሺ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ተረከችና አንገቷን ቀስ ብላ አቀናች።

“ወጥ ቤት የምትሠራው ናት የገደለችው። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።”

አንቱታው ከወጥ ሠሪዋ ላይ እንደ ውሰት ልብስ ተገፈፈ።

“አንቺ አታላይ፤ የልጅ ልጄን ለምታክል ስትሽቆጠቆጪ ዋልሽ?” አሉ ወይዘሮ ወለተ ማርያም።

“በአንቱታ የሚታለሉት እርስዎ ነዎት፣ እማማ።”

ሴቶቹ ወደ እሳቸው ዞሩ። አሮጊቷ ግን መቀሳቸው ከጭናቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ ከየሺ ፊት የተከመረውን ዩኒፎርም ወደ ራሳቸው ጎተቱ።

“በሚቀጥለው ሟቹንም አንቱ በይው፤ ቅር እንዳይለው።”

የሺ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አሥራ አንደኛውን ገለጠች።