ከመድረኩ በኩል ጀምሪ

ኒል ሃወርዝ ስለ ብራክሾ የስኑከር ዋንጫ የጻፈውን መጽሐፍ አነበብኩት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጣቴን ቃል ለቃል እያስኬድኩ ነው የማነበው፤ ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ ዓመቴ ነዋ። ሁለት መቶ አርባ ገጽ! የትኛው አሸናፊ ምን ዓይነት ሰደርያ እንደለበሰ አለበት። የአዳራሹ ጣሪያ ሥር ጎጆ የሠራችው እርግብ እንኳን ስም ተሰጥቷት ገብታለች። እኔ የለሁም። ያን በዱላ ኳስ የሚጫወቱበትን የስኑከር ጠረጴዛ ጨርቅ ሃያ ሦስት ዓመት የተኮስኩት እኔ ሜቪስ ክሌግ ከእርግብ አንሼ ቀረሁ።

ገጽ ሰማንያ አንድ ላይ እንዲህ ይላል፦ «የጠረጴዛው ጨርቅ በአዳራሹ ጠባቂ በሃሮልድ ታተርሳል ወደር የለሽ እጅ ይዘጋጅ ነበር።» ታተርሳል! የራሱን ሱሪ መተኮስ የማይችል ሰውዬ። በፈረንጆቹ 1956 ካውያውን ጨርቁ ላይ ትቶ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣና የሰሃን ያህል ቦታ አሳረረው። እኔ ያን ጊዜ የአዳራሹን ወለል የምወለውል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ልብስ ማጠቢያ ቤት የሠራሁ ልጅ ነኝ። መጥረጊያዬን ጥዬ «ወዲያ በል» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው የኔ ሆነ፤ ስሙ ግን የሱ ሆኖ ቀረ። ዝም ያልኩበት ምክንያት አለኝ። እደርስበታለሁ።

ዋንጫው ሲጀመር እንዲህ መጽሐፍ የሚጻፍለት ነገር አልነበረም። በፈረንጆቹ 1951 መጠጥ የሚጸየፉ ሰዎች በሠሩት አዳራሽ፣ በኋለኛው ክፍል፣ በከሰል ምድጃ ሙቀት ነው የተጀመረው። የብር ዋንጫው ራሱ የእርግብ እሽቅድምድም ማኅበር የጣለው ነበር፤ እጀታው ላይ ክንፍ ነበረው። የሚጫወቱት ስምንት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ እነሱም ኮሚቴው በደብዳቤ የጠራቸው። ደብዳቤ ካልመጣልህ የዓለም ጌታ ብትሆንም አትገባም። የፍጻሜው ግጥሚያ አንድ ሳምንት ይፈጃል። የጥጥ ፋብሪካው ፈረቃ ሲለቀቅ ሰዉ ጥጡ ፀጉሩ ላይ እንዳለ መጥቶ፣ በሥጋ የተሞላ ቂጣውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ትንፋሹን ውጦ ያያል። በ1963ቱ በረዶ ባቡር ሲቆም ሁለት ተጫዋቾች የመጫወቻ ዱላቸውን ተሸክመው አሥራ አንድ ማይል በእግራቸው መጡ። ይሄን ኒል ጽፎታል፤ እውነት ነው፣ እግራቸውን ሙቅ ውኃ ውስጥ የነከርኩላቸው እኔ ነኝ።

አሁን ስለ ጨርቁ ልንገራችሁ፤ ይሄን ያልገባው ሰው የኔ ነገር አይገባውም። ጨርቁ የበግ ሱፍ ነው፤ እንደ በግ ጀርባ ጠጉሩ የሚተኛበት አቅጣጫ አለው። ጨዋታው ከሚጀመርበት፣ መስመር ከሚሰመርበት ጫፍ ተነስቶ፣ ጥቁሯ ኳስ እስከምትቀመጥበት ጫፍ ይቦረሻል፣ ይተኮሳል። ሁልጊዜ ወደዚያ ነው። ካውያውን ጎትቶ መመለስ የለም፤ አንስቶ፣ ዞሮ፣ እንደገና ከመነሻው። ካውያው እንደ ሕፃን ይከብዳል። መጀመሪያ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ይሞከራል፤ ጋዜጣው ቢጫ ካለ ገና ይቀዝቅዝ። ከሁሉ በፊት ግን መዳፍን ጨርቁ ላይ አሳርፎ መዳሰስ ነው። ለስላሳ ከሆነ መንገዱ ያ ነው፤ ከቆረፈደ ተቃራኒው ነው። ኳሱን በኃይል ለሚመታ ተጫዋች ይሄ ሁሉ ለውጥ የለውም። ቀስ ብላ የምትንከባለልን ኳስ ግን የሚመራት ጠጉሩ ነው።

ባሌ ዊልፍ ክሌግ ኳስ አይመታም ነበር። ይልካታል። ጎረቤት ልጁን ሱቅ እንደሚልክ፣ ቀስ አድርጎ፣ እንደምትደርስ እያወቀ። አውቶቡስ እየነዳ ነው ሌላ ጊዜ የሚኖረው፤ ነገር ግን ለአራት ዓመት የኮሚቴው ደብዳቤ በየዓመቱ ጥር ወር ቤታችን መጥቷል፣ በ1973 ደግሞ ፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ዴዝ ፖምፍሬት ነበር፤ ጠረጴዛውን እንደ ጠላት የሚደበድብ ሰው።

ያን ዓመት ቴሌቪዥን መጣ፣ ያውም ባለ ቀለሙ። የመጨረሻው ቀን ጨዋታ ቅዳሜ ከሰዓት ለአገሩ ሁሉ ሊታይ ሆነ፤ ለዚህም ጠረጴዛው በዋዜማው አዲስ ጨርቅ ለበሰ። ጨርቁን የወጠረው ኧርኒ ዱክስበሪ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። እኔ ስገባ ጨርቁ መስመር ገና አልተሰመረበትም፤ አረንጓዴ ብቻ፣ እንደ ሜዳ። ጠርዙ ላይ ኧርኒ ብጣሽ ወረቀት ትቶልኛል። ሁሌም ይተዋል፤ «ሰላም ዋዪ፣ ጨርቁ ጥሩ ነው» የሚል። ማንበብ እንደማልችል አያውቅም፤ ከዊልፍ በቀር ማንም አያውቅም። እማማ ሳንባዋን ታማ ስትተኛ ነው ከትምህርት ቤት የቀረሁት። ወረቀቱን ማታ ቤት ዊልፍ ያነብልኝና አብረን እንስቃለን። ያን ቀንም አጥፌ ሽርጤ ኪስ ከተትኩት።

የቴሌቪዥን ሰዎች ሽቦ ሲዘረጉ አንዱ አየኝ።

«እትዬ፣ የባልሽን ሸሚዝ ስትጨርሺ የኛንም እናምጣ?»

«ያንተን ሸሚዝ ካውያ አያቀናውም፤ እሳት ካልሆነ።»

ሳቁ። ሌላው ቀጠለ፦ «እውነት ይቺ ሴትዮ ናት ይሄን ጠረጴዛ የምትነካው? ባለሙያው የታለ?»

ደሜ ፈላ። ባለሙያ ምን እንደሆነ ላሳያቸው ብዬ መዳፌን እንኳን ሳላሳርፍ፣ ሃያ ዓመት ሊጠጋ በሠራሁበት ሥራ እብሪት ይዞኝ፣ ካውያዬን አንስቼ እንደ ሁልጊዜው ከበሩ በኩል ጀመርኩ። እንደ ውኃ ነው የሄድኩት። ሽቦ መዘርጋቱን ትተው አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቆንጆ ተኩሼ አላውቅም።

ስጨርስ ዳኛው የመነሻውን መስመር ሊያሰምር ሜትርና ጠመኔ ይዞ መጣና ቀጥ ብሎ ከበሩ ትይዩ ወዳለው የመድረኩ ጫፍ ሄደ።

«ጌታዬ፣ መነሻው በበሩ በኩል አይደል?» አልኩት።

«ዘንድሮ ለካሜራው ሲባል ዞሯል። አልተነገረሽም እንዴ?»

ሰዎቹ ቆመዋል። ያ ስለ ሸሚዝ ያወራው ቅንድቡን አንስቶ ያየኛል። ካውያው እጄ ላይ እንደጋለ ነው፤ ሰዓት አለ፤ እንደገና መተኮስ እችል ነበር። «ተሳስቻለሁ» ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

«ተነግሮኛል» አልኩ።

ብሩሽ አንስቼ ከመድረኩ በኩል ሁለት ጊዜ አስኬድኩበት። ላይ ላዩን ተኛልኝ። ይበቃዋል አልኩ ለራሴ።

እስከ መጨረሻው እኩል ሄዱ። የመጨረሻዋ ጨዋታ፣ የመጨረሻዋ ጥቁር ኳስ። ፖምፍሬት ደብድቦ ሳታትና መሃል ላይ ቆመች። ዊልፍ በእንቅልፍ ልቡ የሚሠራት ኳስ ነበረች፤ ቀስ አድርጎ ወደ መሃለኛው ቀዳዳ መላክ። ጎንበስ አለ። ጠጉሩ ለሚያዘምማት ሁልጊዜ የሚተወውን የፀጉር ስንጣቂ ያህል ቦታ ተወላት፤ ሠላሳ ዓመት እንዳደረገው። ላካት። ኳሷ መንገዷን ይዛ ሄደች፣ ሄደች፣ ከዚያ ልትደርስ ስትል ወደማይሆን ጎን ዘመም አለች። የቀዳዳውን ከንፈር ነክታ ቆመች።

አዳራሹ «ኦ» አለ። እኔ የአዳራሹ ሻይ ማፍያ ክፍል በር ላይ ቆሜ ሽርጤን ጨብጫለሁ። ፖምፍሬት ተነስቶ ከተታት።

በማግስቱ ጠዋት ጋዜጣው «የክሌግ እጅ ተንቀጠቀጠ» አለ። ዊልፍ ቁርሱን በላ፣ ኮቱን ለበሰ፣ «ነይ እስቲ» አለኝ። አዳራሹ ባዶ ነበር። አንድ ኳስ አንስቶ ከዚያችው ቦታ በእጁ አንከባለላት። ዘመም አለች። ደገመ። ዘመም አለች። ከዚያ መዳፉን ጨርቁ ላይ አሳረፈና መጀመሪያ ወደ በሩ፣ ቀጥሎ ወደ መድረኩ ዳሰሰው። መለስለስ በነበረበት በበሩ በኩል ቆረፈደበት። 

«ዊልፍ፣ እኔ...»

«ጥሩ ጠረጴዛ ነበር» አለ። እጁን ኪሱ ከተተ። «ነይ፣ ሻይ እንጠጣ።»

በነሱ ሙያ ሲሸነፍ ጠረጴዛውን የሚያማ ተጫዋች እንደ ሌባ ነው የሚታየው፤ ማንም አብሮት አይቀመጥም። ሰው ስለዚህ ነው ዝም ያለው ይል ይሆናል። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ጠረጴዛውን ካማ የምትታማው እኔ ነኝ።

የኮሚቴው ደብዳቤ ሁለተኛ አልመጣም። በቴሌቪዥን ፊት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይጠራም ተባለ። ዊልፍ ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ፣ ዱላውን ከአልጋ ሥር አስገባ። ተሳፋሪው ሳንቲም ሲሰጠው እጁን እያንቀጠቀጠ ይሰጠዋል። «ያዝ እንግዲህ፣ ተንቀጥቃጩ ዊልፍ! እንዳትጥላት!» አንድ ቀን ከኋላ ተቀምጬ ይሄን ያለውን ጎረምሳ በቦርሳዬ ጆሮ ግንዱን አልኩት። ዊልፍ በመስተዋቱ አይቶኝ «ተይው ሜቪስ፣ ልጅ ነው» አለ። ቦርሳ ከማወዛወዝ አንድ ቃል ይበልጥ ነበር። ቃሏን አላወጣኋትም። አስቡት፣ ጨርቁን የተኮስኩት እኔ ነኝ ካልኩ ያን ቀንም የተኮስኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ምስጋናውንም ጥፋቱንም ለታተርሳል ትቼ ተደበቅሁ፤ ሥራውንም ሳልተው ሌላ ስድስት ዓመት ተኮስኩ፣ በየዓመቱ መዳፌን ሦስት ጊዜ እያሳረፍኩ።

ዊልፍ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ሞተብኝ። በሞተበት ሳምንት ሆስፒታል ውስጥ ሲኒውን እስከ አፉ ሞልቼ ሰጠሁት። ሻዩን ወደ አፉ ወሰደው። ጠብታ አልፈሰሰችም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ለጎልማሶች ማስተማር ሲጀምር ሄጄ ተመዘገብኩ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። ማንበብ ስችል ያን ማታ ለዊልፍ ሳላሳየው የደበቅኩበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከፈትኩና የኧርኒን ወረቀት አወጣሁ። አራት መስመር ናት።

«ሜቪስ፣ ዘንድሮ ጠረጴዛው ዞሯል። ከመድረኩ በኩል ጀምሪ። ካንቺ እጅ ሌላ አላምንም። ለዊልፍ መልካም ዕድል በይልኝ።»

ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። መልካም ዕድሉን እንኳን አላደረስኩለትም።

ባለፈው ሐሙስ ኒል ሃወርዝ ቤቴ መጣ። መጽሐፉ ሁለተኛ ሊታተም ነው፤ አዳራሹ ዛሬ ምንጣፍ መሸጫ ሆኗል፣ ግድግዳው ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ ሊሰቀል ነው። ፎቶ ፈልጎ ነበር የመጣው። ወረቀቷን ሰጠሁት። አነበበ፣ መነጽሩን ወለወለ፣ እንደገና አነበበ።

«እማማ ሜቪስ፣ እንግዲህ ጠረጴዛውን የሚተኩሱት እርስዎ ነበሩ!»

«ቀጥል። ቀጥሎ ያለውንም አስብበት።»

ጠረጴዛው የዞረው ዊልፍ በተሸነፈበት ዓመት መሆኑን አሰበ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ሁሉን ነገርኩት፤ ሸሚዙን፣ ጠመኔውን፣ «ተነግሮኛል» ያልኩትን።

«ሰው ይፈርድብዎታል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሃያ ሦስት ዓመት የተኮሱትን ልጻፍ፣ ስምዎን ግድግዳው ላይ ላስገባ። ያቺን አንዲት ቀን እንተዋት። ዊልፍም ሞተዋል፤ ከእንግዲህ ማን ይጎዳል?»

ደግ ልጅ ነው። ዓይኔ ላይ ስሜ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ታየኝ፣ አልዋሽም፤ የታተርሳል ስም ተፍቆ። ሃምሳ ዓመት የጠበቅኩት ነው።  ከዚያ ያ ያልፈሰሰው ሲኒ ትዝ አለኝ።

የመጽሐፉን ገጽ መቶ ሁለት ገልጬ «የክሌግ እጅ ተንቀጠቀጠ» የሚለው ላይ ጣቴን አስቀመጥኩ።

«ስማኝ፣ አንተ ልጅ» አልኩት። «የኔን ስም የምታስገባው ከጥፋቴ ጋር ነው፤ አለዚያ ከእርግቧ በታች ተወኝ። እስክሪብቶህን አውጣ። እኔ እያየሁ፣ አሁኑኑ፣ መጀመሪያ ይቺን ሰርዝ።»