እንዳይወልቅ የታዘዘው ቀለበት

ሰረቀብርሃን ባሕር ማዶ፣ ፍሮግታውን በሚባል ሰፈር ባለችው ጠባብ የወርቅ ሱቁ ውስጥ ሰም ሲቀርጽ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። ቀለበቱ መጀመሪያ በሰም ይቀረጻል፤ ከዚያ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በቦታው ይፈስሳል።

አንድ ቀን የልጁ የሮሆቦት እጮኛ ነቢዩ ብቻውን መጣ። ጨዋ ነው፤ ሰላምታው አያልቅም፤ በቤተ ክርስቲያንም ስሙ በደግ ይነሳል።

«ጋሼ፣ የእሷን ቀለበት ሳይዙን ትንሽ ቀነስ ያድርጉልኝ» አለ።

«ይጠባታል እኮ።»

«ይጥበባት። ሆስፒታል ሺፍት ስትገባ እያወለቀች ሎከር ውስጥ ነው የምትተወው። ይሄኛው አንዴ ከገባ እንዳይወልቅ ነው የምፈልገው።» ብሎ ሳቀ።

ሰረቀብርሃንም አብሮት ሳቀ። የቅኔ ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ቢሆንም የዚህ ሰው ንግግር ሰሙ ፍቅር፣ ወርቁ ሌላ መሰለው። ጠርጥሮም ዝም አለ፤ ሽማግሌ ተልኮ እሺ ከተባለ በኋላ አፍ መክፈት ነውር ነው ብሎ። ይሉኝታ ስንቱን ጉድ አድርጓል!

ወርቅ ሲረጋ ጥቂት ስለሚኮማተር ሁልጊዜ ሰሙን ሰፋ አድርጎ ይተወው ነበር። ይህን ግን እንደታዘዘው አጥብቦ ሞረደው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሮሆቦት ልትለካው መጣች። የሰሙ ቀለበት የጣቷ አንጓ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ።

«ተይው» አላት አባቷ።

ገፋችው። ሰሙ ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ።

እውነት ለመናገር ሰረቀብርሃንን ደስ አለው። ለሰም ማን ያዝናል? ሊያሾፍባት ቀና ሲል ግን የልጁ ፊት ደም የለውም። ተንበርክካ ስብርባሪውን ትለቅማለች።

«ዳድ፣ ፕሊስ፣ እኔ እንደሰበርኩት አትንገረው።»

በመስኮቱ አየ። ከበረዶው ክምር አጠገብ የነቢዩ መኪና ሞተሩ እንደበራ ቆሟል። ስልኳ ጠራ፤ አላነሳችውም። ደግሞ ጠራ። ከዚያ የመኪናው በር ተከፈተ።

ሰረቀብርሃን ፈራ። ሞረዱን አስቀምጦ ሄደና በሩን ከውስጥ ቆለፈው።

እጀታው ዞረ፤ በሩ ግን አልከፈት አለ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለ ነቢዩ፣ በዚያው በጨዋ ድምፁ።

«አወቅሁህ» አለ ሰረቀብርሃን፣ ቁልፉን ሳይለቅ።