የኮሪደሩ ቁጥሮች

በዚያ ክረምት ሦስት ድልድዮች ፈረሱ። የአራት ቀን መንገድ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ናፍጣ ጠፋ። ከተራራው ማዶ ሞባይል አይሠራም። ሹፌሩ እዚያ ጭቃ ውስጥ ሳለ ታላቅ እህቱ ሞተች። መርዶው የደረሰው ከተቀበረች በአራተኛው ቀን ነው።

አሁን ቤቷ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። ስልኳ ጭኑ ላይ ነው፤ በየሰዓቱ ይጮሃል።

«ኧረ አጥፋው!» አለች አክስቱ። «ለቅሶ ቤት ነው የታክሲ ተራ?»

«አላጠፋም።»

«እሷን መታዘዝስ በሕይወት ሳለች ነበር።»

እውነቷን ነው።

እህቱ እሱ የሚሠራበት የጭነት መኪኖች ግቢ ስልክ ተቀባይ ነበረች። ወረቀት ይጠፋል ብላ፣ እያንዳንዱ ሹፌር የሚቆምባቸውን ቦታዎች የመስመር ስልክ ቁጥር የቤቷ ኮሪደር ግድግዳ ላይ በእርሳስ ጽፋለች፤ ማደያ፣ ጎማ ጠጋኝ፣ ምግብ ቤት። ሚስቶች ሲጨነቁ የሚደውሉት ለእሷ ነው። መንገድ የሚቀይር ሹፌር ይነግራታል። በመጨረሻው ጉዞ እሱ መንገድ ቀይሮ ሳይነግራት ወጣ፤ ስትሞት የት እንዳለ ያወቀ ሰው አልነበረም።

«ሃምሳ ዓመት ሞልቶኝ እንደ ተማሪ አስፈቅጄ ልውጣ?» ብሏት ነበር፣ በየት በኩል እንደሚሄድ ስትጠይቀው።

«እሺ፣ ጎረምሳው!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ሳቋን አልሰማም።

ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ?» አለች አንዲት ሴት።

«አርፋለች። ወንድሟ ነኝ። ምን ነበር?»

ሴትየዋ አለቀሰች። ዝሆኔ የሚሉት ግዙፍ ሹፌር ሚስት ናት። እናቱ እያጣጣሩ ነው፤ ልጄን አምጡልኝ ይላሉ። እሱ ትናንት ወጥቷል፤ ሞባይሉ አይሠራም።

«አገኘዋለሁ» አለ።

ኮሪደሩ ውስጥ፣ በዝሆኔ ስም ከተጻፉት ቁጥሮች ፊት ቆመ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የገዛ እናቱ ስታጣጥር፣ እህቱ አሥራ አራት ቦታ ደውላ አግኝታው ነበር። ደርሶ የእናቱን እጅ ያዘ። እህቱን ግን አንድም ቀን አላመሰገናትም።

ማደያው ጋ ደወለ። «ቀድቶ ሄደ።»

ጎማ ጠጋኙ ጋ ደወለ። «እሱ አልፎ ቢሆን ፀሐይ ትጋረድብኝ ነበር» አለው።

እንግዲያው በሁለቱ መካከል ነው። ምግብ ቤቱ ጋ ደወለ።

«አለ» አለች የምግብ ቤቱ ባለቤት። «ሁለተኛውን ሳህን ይዟል።»

«ከአፉ ቀምተሽ ስልኩን ስጪው።»

ዝሆኔ እያኘከ መጣ። «ማነው?»

«የእትዬ ወንድም ነኝ። እናትህ በሕይወት አሉ፤ ይጠሩሃል። መኪናውን እዚያው አቁምና በሚመለስ መኪና ና።»

«ጭነቱስ?»

«ለእኔ ተወው።»

«አንተ ለቅሶ ላይ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ። ተነስ!»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሚስትየዋ ደወለች። «ደረሰ። አወቁት። እጁን ይዘው አልለቀውም ብለዋል። አንተን ግን እግዜር...»

አቋረጣት። «እኔን አይደለም። ለእትዬ ዘጠኝ ዓመት የቆየ ዕዳ ነበረብኝ።»

የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ ነው፤ ቀይ ያበራል። «አጥፋው» ያለችው አክስቱ ቻርጀሩን ሰካችና የገመዱን ጫፍ አቀበለችው።