የስቱሬ ሁለት ውሸቶች

ስቱሬ መዋሸት አያውቅም ነበር። ልጄ ውባለም ያገባችው ስዊድናዊ ነው። መጀመሪያ ገበታዬ ላይ የቀረበ ቀን፣ ከአገሬ ተሸክሜ ባመጣሁት በርበሬ የሠራሁትን ምስር ወጥ ሰጠሁትና «እንዴት ነው?» አልኩት። አንድ ጊዜ ጎረሰ፣ አሰበበት፣ ከዚያ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «ጨው በዝቶበታል» አለኝ። ባሌ መሸሻ ሳቁ ወደ ሳል እስኪቀየር ሳቀ። እኔ ሰውየውን አንድ ወር አላናገርኩትም። ጠይቄዋለሁ፣ እውነት ነው። እንዲመልስልኝ ግን አልነበረም።

ያን ጊዜ ስዊድን፣ ሱንድቢበሪ የሚባል ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አራታችንም አብረን እንኖር ነበር። ውባለም ነርስነት ልትማር መጥታ እዚሁ ቀረች፤ አባቷን ልቡን ሲያመው ለሕክምና አስመጣችው፤ እኔም ተከትዬ መጣሁ። ስቱሬ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። «እማዬ ልበላቸው ወይ?» ብሎ በውባለም በኩል አስጠየቀኝ። «ወይዘሮ ወርቅውሃ ማለት ምን አነሰው?» አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ወይዘሮ ወርቅውሃ አለኝ። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ «ሰውየው» አልኩት።

በፈረንጅ ስልሳ ሰባት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ውባለምና ስቱሬ ቢስክሌታቸውን በአውሮፕላን አስጭነው ዳሬሰላም ወረዱ። ከዚያ ዛምቢያን አቋርጠው ቦትስዋና ድረስ ፔዳል እየረገጡ ሊሄዱ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ነጭና ጥቁር ባልና ሚስት ሆነው አንድ አልጋ ላይ ቢያድሩ ያስራል አሉ፤ ስለዚህ እዚያ ሲደርሱ ይመለሳሉ። «የተማረች ሴት በረሃ መሃል እግሯን ስታወራጭ» ብዬ ተናግሬያለሁ፤ የሰማኝ የለም። ጥፋቱ የባሌ ነው። መሸሻ ቢሾፍቱ ሳለን አየር ኃይሉን የሚያሠለጥኑት ስዊድኖች ዘንድ በቢስክሌት ደብዳቤ አመላላሽ ነበር። ሴት ልጅ ቢስክሌት ላይ ስትወጣ መንደሩ በሚሳለቅበት ዘመን፣ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ ያስተማራት እሱ ነው።

ሲሄዱ መሸሻ የዚያን አገር ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቀለ፤ ቀይ ራስ ያላቸው ስፒሎችም ገዛ። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር መነጽሩን አድርጎ ያነብልኛል፣ የደረሱበትን ከተማ ይፈልጋል፣ ስፒል ይተክላል። ደብዳቤው ሁሉ «ለአባዬ» ነው የሚለው። እኔ መጨረሻው ላይ ሰላምታ ይደርሰኛል።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቆመ።

ከበላያችን ያለው ፎቅ ላይ መነን ትኖራለች፤ ፋርማሲ ተምራ ፋርማሲ የምትሠራ፣ ሠላሳውን ያለፈች ሴት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ከመሸሻ በኋላ የምታነብልኝም የምትጽፍልኝም እሷ ናት። ይህንንም የጻፈችው እሷ ናት፤ እንዳታሳምረው አስጠንቅቄያታለሁ።

«ለውባለም ቴሌግራም እንላክላት» አለችኝ በማግስቱ።

«ምን ብለን?»

«አባትሽ አረፈ ብለን ነዋ።»

«በሰው አገር፣ በበረሃ፣ ዘመድ በሌለበት መርዶ? እናትሽ እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችሽ?»

«እትዬ፣ እዚህ እንደ አገራችን በዕለቱ አይቀበርም። ሬሳው ሦስት ሳምንት ቢቆይ ማንም ምንም አይል። ሰሞኑን ሉሳካ ይገባሉ፤ ከሉሳካ አውሮፕላን አለ። ትደርሳለች።»

በእኛ ወግ ሩቅ ላለ ሰው ሞት ይደበቃል። ጠዋት የሞተ ከሰዓት ይቀበራል፤ ልጁ ቢሰማም አይደርስ። ስለዚህ አገሩ እስኪገባ ይሸሸግለታል፣ ሲገባ ዘመድ ተሰብስቦ ማልዶ ያረዳዋል። ምክንያቱ ይኸው ነው። ምክንያቱ እዚህ አገር እንደሌለ መነን አንድ በአንድ አስረዳችኝ፤ እኔም ገብቶኛል። ግን በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት የለቅሶ ሥርዓት ልታስተምረኝ ነው አልኩና እምቢ አልኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

«ባሏ ይወቅ» አልኩ። «መንገደኛን ይዞ የሚመጣ ሰው ይነገረዋል። ችሎ፣ ደግፎ ያመጣታል።»

«ስቱሬ? እትዬ፣ የጨው መብዛት እንኳ ሆዱ ውስጥ ማደር አቅቶት የለ?»

«ባል ከሆነ ይቻለው።»

ብዕሯን አወጣች። «ምን ብዬ ልጀምር?»

«ልጄ ስቱሬ በይው።»

ቀና ብላ አየችኝ። አዎ፤ ሦስት ዓመት የነፈግሁትን ቃል ሲያስፈልገኝ አወጣሁት። «ልጄ ስቱሬ፣ አባቷ አርፏል። አንተ ባሏ ነህና ቻለው። እቤቷ እስክትገባ አንዲት ቃል እንዳትወጣህ።» በስሙ ሉሳካ ፖስታ ቤት ተላከ፤ መጥቶ እስኪወስደው ይቆይለታል።

የእኛ ቄስ በአገሩ ስለሌለ፣ መሸሻን በሃያኛው ቀን የግሪክ ኦርቶዶክሶቹ ቄስ ቀበሩልን። አሥራ አንድ ሰው ነበርን።

ደብዳቤዎቹ መምጣታቸውን ቀጠሉ፤ «ለአባዬ» እያሉ። መነን ታነባለች፣ ከተማውን በጣቷ ታሳየኛለች፣ እኔ ስፒሉን እተክላለሁ። መልሱንም «አባትሽ ደህና ነው፣ ሰላም ይልሻል» እያልኩ አስጽፋለሁ። ነሐሴ ላይ ከቦትስዋና የመጣው እንዲህ ይላል፦ «አባዬ፣ አሸዋው ጎማውን እየዋጠ ግማሹን መንገድ ቢስክሌቱን እየገፋን ነው። ትናንት ዝሆን አሳለፍን፤ እኛ ነን የቆምነው። ስቱሬ ከሉሳካ ወዲህ ዝም ብሏል። እኔ ለአንተ ስጽፍ ተነስቶ ይሄዳል። ፀሐዩ ይሆናል።»

መነን ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ፀሐዩ» አለች።

መስከረም ላይ መጡ። በሌሉበት ይህ አገር በአንድ እሑድ የመኪናውን መንገድ ከግራ ወደ ቀኝ አዙሮት ነበርና፣ ውባለም ከአውሮፕላን ጣቢያ ስንመለስ ታክሲው ውስጥ «ተሳስቷል» እያለች ትስቅ ነበር። አባትሽ ሆስፒታል ነው፣ ነገ ትጠይቂዋለሽ አልናት። ስቱሬ ከስቶ አንገቱ ቀጥኗል። ጣቢያው ላይ «እማዬ» ብሎ እጄን ሳመኝ። አልከለከልኩትም።

ሲነጋ መነንና አምስት ስድስት የአገራችን ሰዎች በሩን አንኳኩ። ውባለም ፊታቸውን ስታይ ገባት። የሚለቀሰው ተለቀሰ። በኋላ መሬት እንደተቀመጠች ዞር ስትል ስቱሬን አየችው፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቆሟል፣ ካርታው አጠገብ።

«ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሉሳካ።»

መነንን «መቼ ተቀበረ?» አለቻት። ሰኔ ሃያ አምስት፣ በፈረንጁ። ውባለም በጣቷ ቆጠረች። «ሉሳካ የገባነው አሥራ ሰባት ነው። ስምንት ቀን ነበረኝ።» ከዚያ ወደ እሱ። «ማን ነገረህ?»

ስቱሬ እኔን አየኝ። እኔ ምንጣፉን አየሁ። መነን ከንፈሯን ነክሳለች። እዚያ ጋ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ይህን ሁሉ ባላስጻፍኩ።

«ስልክ ደወልኩ» አላት። «ወደሚታከምበት ሆስፒታል። መንገዱን እንድትጨርሺ ብዬ ደበቅሁ።»

ያ ሰው ስለ እኔ ወጥ አንዲት ቃል እንኳ መዋሸት ያልቻለ ሰው ነው።

ውባለም የእኔን መደበቅ የአገር ወግ ነው ብላ አለፈችው፤ ከእሱ ጋር ግን እስከ ገና አልቆየችም። «የሚዋሽ ባል ካሰኘኝ አገሬ ሞልቶልኛል» አለችና ፈታችው። እሱ ሶደርተልየ የሚባል ከተማ ሥራ አገኘና ሄደ። ቢስክሌቶቹ ምድር ቤት ቀሩ፤ የሱንም አልወሰደም። እኔ በየሳምንቱ «እነግራታለሁ» እላለሁ። መነን አንድ ጊዜ «ይንገሯት፣ እትዬ፤ ገና ነው» አለችኝ። «በቤቴ ጉዳይ አትግቢ» አልኳት። እንዲህ እያልኩ አንድ ዓመት ተኩል ሄደ።

ባለፈው ሚያዝያ ስቱሬ ዘንድ ልሄድ ብቻዬን ባቡር ተሳፈርኩ። የጣቢያ ስም አላነብም፤ መነን ስንተኛው እንደሆነ ነግራኝ በጣቴ እየቆጠርኩ ወረድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ስዊድናዊት ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። ያን ጊዜ መመለስ ነበረብኝ። ገባሁ።

«ለምን አልተናገርክም?» አልኩት ወጥ ቤቱ ውስጥ ስንቀመጥ።

ተነስቶ ከመሳቢያ አንድ ፖስታ አወጣ። መነን የጻፈችው ነው። «እዚህ ልጄ ይላል» አለ። «ሦስት ዓመት ጠብቄው ነበር። ልጅ እናቱን እንዴት ይከሳል?»

«አሁን እነግራታለሁ።»

በሩ ወዲያ ያለችውን ሴት አየ። «እርስዎ ያውቃሉ፣ ወይዘሮ ወርቅውሃ» አለኝ።

እማዬ አላለኝም።

ስመለስ ውባለም የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር። ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ቆሜ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ደብዳቤውን፣ «ልጄ» ማለቴን፣ ምንጣፉን ማየቴን። ካውያውን አቁማ ሰማችኝ።

«እሱ ከአባዬ ቀብር አስቀረኝ ብዬ ነው የፈታሁት» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ነሽ ያስቀረሽኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን ዛሬ?»

ስለዚያች ስዊድናዊት ሆድ ልነግራት አልቻልኩም። እንድትጮህብኝ ፈልጌ ነበር፤ ካፖርቴን እንደለበስኩ «ውጪልኝ» ብትለኝ ደስ ባለኝ። ካውያውን አነሳችና የቀረውን እጅጌ ተኮሰች።

በማግስቱ ምስር ወጥ ሠራሁ። እጄ ስቶ ጨው አበዛሁበት፤ ገና ምድጃ ላይ ሳለ ቀምሼ አውቄዋለሁ። እንዲሁ አቀረብኩት።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«ጥሩ ነው፣ እማዬ» አለችና ብርጭቆዋን አንስታ ውሃውን እስከ ታች ጠጣችው።