ጭረት ያለበት ፊደል

ታላቅየዋ እህት የሆስፒታሉን ካርድ ክፍል የኮምፒውተር ፕሮግራም ስትጠግንና ስታሻሽል ስድስት ዓመቷ ነው። በላቲን ፊደል የሚጻፍ የውጭ አገር ሰዎች ስም ፊደሉ አናት ላይ ነጥብና ሰረዝ ይደፋል፤ የካርድ ክፍል ሠራተኞች ደግሞ ካርድ ሲፈልጉ ምልክት የሌለውን ባዶ ፊደል ነው የሚጽፉት። ስለዚህ አንድ ስም ጠፋ በተባለ ቁጥር «ይሄ ሲመጣ በዚያ ቀይረው» የሚል አንድ የኮድ መስመር እየጨመረች፣ ሦስት መቶ መስመር አጠራቅማለች።

ታናሽ እህቷ እዚያው በተቀጠረች በሦስተኛው ሳምንት ያን ሁሉ በአራት መስመር ተካችው።

«ኮምፒውተሩ ራሱ ፊደሉንና ምልክቱን ይነጣጥልልናል፤ የእኛ ሥራ ምልክቱን መጣል ብቻ ነው» አለች።

አለቃቸው ወደ ታላቅየዋ ዞሮ ሳቀ። «አንቺ ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር?»

ቀልድ ነበር። ታናሽየዋም አብራ ሳቀች። ታላቅየዋ ግን አልሳቀችም። ኮድ መጻፍ ያስተማረቻት እሷ! አሁን እናታቸው እንኳ ስትደውል «ጩጬዬ እንዴት ናት?» ነው የምትለው።

ከሰዓት በኋላ አራቱን መስመር እንከን ፍለጋ አነበበቻቸው፤ አገኘችም። እንደ «ø» ሆዱን ጭረት የሚያቋርጠው ፊደል አይነጣጠልም፤ ጭረቱ የገዛ አካሉ ነው። በእሷ የድሮ ዝርዝር ውስጥ እንዲህ ያሉ አሥራ አንድ ነበሩ። ልትናገር አፏ ድረስ መጣ። «ራሷ ትድረስበት» ብላ ዋጠችው።

በሳምንቱ አንድ ትኩሳት የያዛቸው የውጭ አገር ሽማግሌ መጡ፤ ስማቸው ውስጥ ጭረት ያለበት ፊደል አለ። ካርዳቸው አልተገኘም፤ አዲስ ተከፈተላቸው። ነርሷ መርፌ ስታዘጋጅ የመድኃኒቱን ስም ጠየቋትና ክንዳቸውን ሰበሰቡ። «ይሄማ አምና ሊገድለኝ ነበር! ካርዴ ላይ ተጽፏል እኮ!»

ወሬው ሲደርስ ታናሽየዋ ፊቷ አመድ መሰለ። ስህተቷን መፈለግ ጀመረች።

«አትልፊ፤ ጭረቱ ነው» አለቻት ታላቅየዋ። «አውቄ ነበር።»

«መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት።»

ታናሽየዋ ትክ ብላ አየቻት። «እኔን ጠላሽኝ እንበል። ሰውዬው ምን አደረጉሽ?»

ታላቅየዋ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። አሥራ አንዱን ፊደል ኮዱ ውስጥ መለሰች፤ ከዚያ አለቃው ቢሮ ገብታ ሁሉንም ተናገረች። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት።

እህቷ ለአንድ ወር ዘጋቻት። አንድ ቀን ግን ወንበሯን ስባ መጣች። «እታለም፣ እስቲ ይቺን እይልኝ።»

ኮዱ ያምራል። ማማሩ አሁንም ቆነጠጣት። ሁለት ስህተት አገኘች፤ ሁለቱንም ነገረቻት።