ኸዋጃው ሕያው ስለ መሆኑ

አንድ ሰው ሕያው መሆኑን ለማስረዳት ሁለት ዓመት ይፈጃል ብሎ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ፣ ወንበራ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ዜማ እየቆጠርሁ እቀር ነበር። ጸሐፊነት ክብር መስሎኝ ከዚያው ከወንበራ ደብረ ዘይት ተነሣሁ፤ ዓባይን ተሻግሬ ባላምባራስ ሰጠኝን ተከትዬ አሶሳ ወረድሁ። አገሩ ገና አዲስ የተያዘ ነው። ባላምባራስ ከነጭፍራቸው ኮረብታው ላይ ሰፍረዋል፤ ከታች የአገሬው ሰዎች የበርታዎቹ የቀርከሃ ቤቶች፣ ገበያውና መስጊዱ ይታያሉ። የእኔ ሥራ የባላምባራስን ደብዳቤ መጻፍና ማኅተማቸውን መጠበቅ ነበር።

ኸዋጃው፣ በዚያ አገር አነጋገር ፈረንጁ፣ የመጣብኝ በ1893 ዓመተ ምሕረት፣ በታኅሣሥ ነው። ግሪክ ነው፣ አናጢ ነው። ግብጽ ሠርቶ፣ ካርቱም ሠርቶ፣ በጠረፉ በኩርሙክ በኩል ከነጋዴዎች ጋር ዘልቆ የባላምባራስን አዳራሽ በርና መስኮት ሊሠራ የተቀጠረ ሰው ነው። በሩ ሳያልቅ ኑራ የምትባል የበርታ ልጅ ወደደ። እሷን ለማግባት ሰለመ፤ የእስላሞቹ ዳኛ፣ ቃዲው ሸኽ ማህጁብም ዐብዱልቃድር የሚል ስም አወጡለት። ገበያው በሙሉ ዐብዱልቃድር ይለዋል። ኮረብታ ላይ ያለነው እኛ ኸዋጃ እንለዋለን። ስታማቲ የሚባል መሆኑን የሰማሁት ያን ቀን ከራሱ አፍ ነው።

«ደብተራ፣ ስታማቲ ሕያው ነው ብለህ ጻፍልኝ» አለኝ።

«ስታማቲ ማነው?»

«እኔ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሰፋ ያለ ጉንጩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ተለጥፎበት፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ ነገሩን አስረዳኝ። እናቱ ሞታለች። ባሕር ዳር የተሠራ ቤት ለሦስት ልጆቿ ትታለች፤ ለታላቅ ወንድሙ፣ ለእሱና ካሊዮፒ ለምትባል ላላገባች እኅቱ። እኅቱ እቤቱ ውስጥ ትኖራለች። ወንድሙ ግን ቤቱን ሊሸጥ ፈልጎ፣ «ስታማቲ አፍሪካ ሞቷል» ብሎ አስወርቷል።

«እኔ ከሞትሁ ቤቱ ይሸጣል፤ ካሊዮፒ መንገድ ላይ ትወድቃለች። ሕያው ከሆንሁ ግን ድርሻዬን ለእሷ እሰጣለሁ። ያኔ ወንድሜ መሸጥ አይችልም።»

«ታዲያ ደብዳቤ ጻፍላቸዋ! የእጅህን ጽሕፈት አያውቁትም?»

«አራት ጊዜ ጻፍሁ። የውል ጸሐፊው አልቀበልም አለ።»

ያ የውል ጸሐፊ የሚሉት ሰው እንደ እኔ ያለ ጸሐፊ እንዳይመስላችሁ። በእነሱ አገር ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዋስ ተጠርቶ፣ «ማርያምን» ተብሎ የሚያልቅ ነገር የለም። ቤት ቢሸጥ፣ ልጅ ቢወርስ፣ ጋብቻ ቢፈጸም፣ የውል ጸሐፊው መዝገብ ላይ ካልሰፈረ አልተደረገም ማለት ነው። እሱ ደግሞ ያዘዘው ሁለት ምስክሮች ያዩት፣ የአገሩ ሹም ያተመበት ወረቀት ነው።

«ቀላል ነው» አልሁ። ይህን ቃል በኋላ ስንት ጊዜ እንደረገምሁት!

ብርዕ ሳነሣ እጄን ያዘኝ። «ኑራን አትጻፍ። ዐብዱልቃድርንም አትጻፍ። እኅቴ ከቤተ ክርስቲያን የማትለይ ሴት ናት።» የተጠየቅሁት መሞት አለመሞቱን ነው፤ የሃይማኖቱ ነገር ምን አገባኝ? እሺ ብዬ ጻፍሁ። «ስታማቲ የተባለው ግሪክ በታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓመተ ምሕረት አሶሳ ላይ በሕይወት ቆሞ አይተነዋል።» ሁለት ወታደሮች መሰከሩ፣ ባላምባራስ አተሙ። ወረቀቱ ከነጋዴ ጋር ካርቱም ወረደ፤ እዚያ ያለ አስተርጓሚ ወደ ቋንቋቸው መለሰው፣ ከዚያም ባሕር ተሻገረ።

በሰኔ መልሱ መጣ። ስታማቲ ደብዳቤውን ይዞ ኮረብታውን ሲወጣ ገና ከሩቅ ያጉረመርም ነበር። እፊቴ ቆሞ ተረጎመልኝ፦

«በተባለው ዘመን፣ በ1893፣ ስታማቲ ከዚህ ከተማ አልወጣም ነበር። በዚያው ዓመት ለጎረቤቱ ሠርግ ምስክር ሆኖ በመዝገቤ ላይ ፈርሟል። ስለዚህ አፍሪካ ውስጥ ቆሞ አይተነዋል ያሉት ምስክሮች ወይ ዋሽተዋል፣ ወይ አእምሯቸው ታውኳል።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቆይቶ ነው በእነሱ ቁጥር ያለንበት ዘመን 1901 መሆኑን የነገረኝ። ደሜ ፈላ። «ዓመተ ምሕረቱን እኔ አልፈጠርሁት! አባቶቻችን የቆጠሩትን ነው የጻፍሁት! ለምን አስቀድመህ አልነገርኸኝም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እዚህ ቀን እንጂ ዓመት የሚጠይቀኝ ሰው የለም!»

ክረምቱ ገባ፤ መንገዱ ተዘጋ። በጥቅምት 1894 አዲስ ወረቀት ጻፍሁና እንዳይሳሳቱ በእነሱ ቁጥር 1901 አልሁ። ለባላምባራስ ሳነብላቸው ማኅተሙን ካነሡበት መልሰው አስቀመጡት።

«ምን አልህ?»

«ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ፣ ጌታዬ።»

«ዘንድሮ ስንት ነው?»

«ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና አራት።»

«አንተ ዋኘው፣ አብደሃል? የዛሬ ሰባት ዓመት ይህ ሰው በሕይወት እንደሚኖር በምን አውቄ ነው የማትመው? ነቢይ ነኝ? ነገ ከዛፍ ወድቆ ቢሞትስ?»

የፈረንጆቹ ዘመን እንደዚያ ይቆጠራል ብዬ ባስረዳ፣ «እንግዲያ እነሱ ይምጡና ይተሙ» አሉ። አንድ ቀን ሙሉ ለመንሁ። በሁለተኛው ቀን ሁለቱም ዘመን ጎን ለጎን ይጻፍ ተባለና ጻፍሁ። ታተመ፣ ሄደ።

በሚያዝያ ተመለሰ። የውል ጸሐፊው ዘመኑን ተቀብሏል። አሁን ደግሞ፣ «ማኅተሙ የጦር አለቃ እንጂ የዳኛ አይደለም። ሰውየው በሚኖርበት ስፍራ ያለ ዳኛ ካላረጋገጠ አልመዘግብም። ወንድሙ በበጋው ቤቱን ለገዢ ሊያሳይ ነውና ይፍጠን» ይላል።

«ይፍጠን!» አለ ስታማቲ። «ይፍጠን ይለኛል! ሦስት ወር በግመል፣ በጀልባ፣ በመርከብ ሄዶ እሱ አንድ መስመር ሊጨምርበት!» የእንጨት መላጊያውን አንሥቶ ከግድግዳው ጋር አጋጨው፤ ምላጩ ተሸረፈ። አሶሳ ውስጥ ሌላ መላጊያ የለም። ቁጭ ብሎ የተሸረፈውን ሲያየው ቁጣዬ ወደ ሐዘኔታ ዞረ። ተነሥተን ወደ ቃዲው ወረድን።

ሸኽ ማህጁብ እቤታቸው ደጃፍ፣ የማንጎ ጥላ ሥር፣ ሁለት ተካሳሾችን እየሰሙ ነበር። ጨርሰው ሸኟቸውና ለእኛ ከርከዴ የሚሉትን ቀይ መጠጥ አስቀዱልን። ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኋቸው። ረጋ ብለው ሰሙኝ።

«ያ ካቲብ» አሉኝ፣ ጸሐፊ ሆይ ማለታቸው ነው፤ «ስታማቲ የሚባል ሰው እኔ ፊት አልቆመም።» «እኔ ፊት የቆመ ዐብዱልቃድር ነው። የጋብቻውን ኒካሕ እኔ አሠርሁ።»

«እሱው ነው እኮ፣ ሸኽ! ይኸው ከጎኔ ተቀምጧል! ሰውየው አንድ ነው!»

«አንድ ከሆነ አንድ ነው ብለህ ጻፍ። እኔም እጽፋለሁ። ግማሹን ደብቄ በግማሹ መመስከር አልችልም። አላህ ይጠይቀኛል።»

ስታማቲ በዐረብኛ ለመናቸው፣ ተቆጣቸው፣ እንደገና ለመናቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ድምፃቸውን እንኳ አላነሡም። እኔ መናደዴ በማን እንደሆነ ጠፋኝ። በውል ጸሐፊው ነው? በሸኹ ነው? መጀመሪያ ቀን «ያን አትጻፍ» ሲለኝ እሺ ባልሁት በራሴ ነው? አንድ መስመር ዘልዬ ስንት ወር አባከንሁ!

ወደ ቤቱ ስንደርስ ኑራ ልጇን አዝላ ማሽላ ትሰፍራለች። ሁለቱ በዐረብኛ ተነጋገሩ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ቁናውን አስቀመጠችና እኔም እንድሰማ ብላ ወንድና ሴት በማይለይ አማርኛዋ ተናገረች።

«ሁለት ጊዜ ጽፏል። ሁለቱም ላይ ኑራ የለም?»

እኔ ወደ ስታማቲ አየሁ፤ እሱ ወደ ልጁ አየ።

«እዚያ አገር እሱ ሞቷል ይላል። እዚህ አገር ደግሞ ስታማቲ የለም ይላል ሸኽ። ታዲያ እኔ ያገባው ሰው ማነው? ይሄ ልጅ አባት ማነው?»

«ኑራ፣ ስለ እኅቴ ነው» አለ ስታማቲ። «ከሰማች ልቧ ይሰበራል። ወንድሜም ‹ከሃዲ ነው› ብሎ ያስነሣባታል።»

«እኅትህ ጥሩ ሰው ነው ትላለህ። ጥሩ ሰው ከሆነ ለምን ይፈራል? ቤት ሄዶ፣ እኅት ውጭ አድሮ፣ አንተ እዚህ ተደብቆ! ይሄ ነው መውደድ?»

ማሽላዋን መስፈር ቀጠለች። እሱ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ የልጁን እግር ያዘ። በመጨረሻ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ሁሉንም ጻፍ» አለ።

በማግሥቱ እኔና ሸኽ ማህጁብ አንድ ወረቀት መሐላችን ዘርግተን ተቀመጥን። እኔ ከግራ ወደ ቀኝ በአማርኛ፣ እሳቸው ከቀኝ ወደ ግራ በዐረብኛ። ይህም በቀላሉ አላለቀም። የማን ጽሑፍ ከላይ ይሁን? ባላምባራስ ከበላይ አማርኛው ካልሆነ አላትምም አሉ፤ ሸኹ ደግሞ የአላህ ስም ከማንም በታች አይጻፍም አሉ። ጎን ለጎን አደረግነው። ዘመኑ ሦስት ሆነ፦ የእኛ፣ የእስላሙና የፈረንጁ። ስሙ የቱ ይቅደም በሚለው ላይ ግማሽ ቀን ሄደ። ስታማቲ ራሱ፣ «እናቴ ያወጣችልኝ ይቅደም፤ ከእናት የሚቀድም የለም» ሲል ሸኹ ሳቁና ተስማሙ።

ወረቀቱ እንዲህ ይል ነበር፦ «በእናት አባቱ ስም ስታማቲ፣ ዛሬ ዐብዱልቃድር የተባለው አናጢ፣ የኑራ ባል፣ የአንድ ልጅ አባት፣ በፊታችን ቆሞ ተናግሯል። ከእናቱ ቤት የሚደርሰውን ድርሻ ሳይገደድ ለእኅቱ ለካሊዮፒ ሰጥቷል። ሕያው መሆኑን በዓይናችን አይተናል፤ ሲቆጣም ሰምተናል።» የመጨረሻዋን የጨመርኋት እኔ ነኝ። ሸኹ ሳነብላቸው «እውነት ነው» ብለው እሳቸውም በዐረብኛ ጻፏት።

ክረምቱ ሳይዘጋው ወረቀቱን የያዘው ነጋዴ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስታማቲ ስለ ቤቱ አንድም ቃል አልተናገረም። ኑራ ሁለተኛ ልጇን ወለደች፤ ሴት ናት። እሱ በዚያ በተሸረፈ መላጊያ ይሠራል፤ ሳንቃው ሁሉ መሐሉ ላይ ቀጭን ጭረት ይወጣበታል፤ ባላምባራስ አይተው ይቆጣሉ፤ እሱ እየሰማ መላጉን ይቀጥላል። አንዳንዴ ከኩርሙክ ነጋዴ ገባ ሲባል ወደ ገበያ መውረዱን ትቶ ወደ ጫካ እንጨት ሊቆርጥ ይሄዳል። መልሱን ይፈልገዋል ወይስ ይፈራዋል፣ አላውቅም።

መልሱ በታኅሣሥ 1895 ደረሰ። ነጋዴው ለኑራ ሰጣት፤ እሷም ሳትከፍት ይዛው ኮረብታው ላይ፣ እኔ ጋ፣ ባሏ ሲሠራ ወደነበረበት መጣች። ሁለት ወረቀት ነበር። አንዱ የውል ጸሐፊው ነው፤ ተመዝግቧል ይላል። ድርሻው ለካሊዮፒ ሆኗል፣ ሽያጩም ቀርቷል። ከሥሩ ግን፣ «ይህ ማስረጃ ለዚህ ጉዳይ ብቻ ያገለግላል፤ ለሌላ ጉዳይ ሕያው መሆን ካስፈለገ ሌላ ወረቀት ይላክ» የሚል ተጨምሮበታል። ስታማቲ ይህን ሲያነብ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ እኔ ደግሞ በወንበራ አነጋገር ልጽፈው የማይገባኝን ተናገርሁ።

ሁለተኛው የእኅቱ ነበር። ቀስ እያለ አነበበው፤ ሁለት ቦታ ላይ ቆመ።

«ምን ይላል?» አለች ኑራ።

«ወንድማችን ፍታት አስደርጎልህ ነበር፤ እኔ ግን ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም ብዬ ከቤት አልወጣሁም ትላለች» አለ። «አዲሱን ስም ማንበብ አቃተኝ፣ የትምህርት ቤቱ መምህር አነበበልኝ ትላለች። አልተቆጣሁም ብልህ ውሸት ነው፣ ተቆጥቻለሁ ትላለች። ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም፤ በአራተኛው ቀን ግን እናታችን ብትኖር ምን ትጠይቅህ ነበር ብዬ አሰብሁ ትላለች።»

«ምን ይጠይቃል?»

«ሚስቱ ደግ ናት ወይ? ልጁ እኛን ይመስላል ወይ? በዚያ ሙቀት ምን ትበላላችሁ?»

ኑራ ትንሿን ልጅ ከጀርባዋ አውርዳ ታቀፈቻት።

«ጻፍ» አለችው። «ዛሬ ጻፍ። ኑራ ደግ ነው፣ ግን ቁጡ ነው በል። ወንዱ አንተን ይመስላል፤ ሴቱ እኔን ይመስላል በል። ማሽላ ነው የምንበላ፤ ባምያም አለ። ቁጣ ሲወጣለት ሌላ ደብዳቤ ይላክ በል።»

ስታማቲ የእኔን ብርዕ አንሥቶ፣ እኔው ደጃፍ ተቀምጦ፣ በቋንቋው ጻፈ። ምስክር አልተጠራም፣ ማኅተምም አልተጠየቀም። እኔ ማንቡክ ወደሚባል ስፍራ እስክዛወር ድረስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ፣ የካሊዮፒ ደብዳቤ ይመጣ ነበር። በየደብዳቤዋ ቁጣው ገና አልተወኝም ትለው እንደነበር ስታማቲ ነግሮኛል፤ ግን መጻፏን አላቆመችም።