ያልታየ አልተወሰነም

ሰፈሩ «ኳንተም» ይለዋል፤ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ነዋ። ሌላው ጡረታ ሲወጣ አርፎ ይቀመጣል፣ እሱ የሳይንስ ልብ ወለድ ጀመረ። ሦስት መጽሐፍ ጨርሶ አራተኛው ላይ ነው። ጀግናዋ የጠፈር መርከብ ነጂ ናት። ሞተሩ ተበላሽቶ ይሁን ደህና ይሁን፣ የሞተሩ ክፍል ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ አልተወሰነም። ስለዚህ በሩን አትከፍትም። ሳትከፍት ሦስት መጽሐፍ ሙሉ በረረች፣ አንባቢውም ወደዳት፣ ምን ይደረግ።

«ኧረ ይቺ ሴትዮ ትክፈተውና እንገላገል» ትለዋለች ባለቤቱ። ረቂቁን ከሰው ሁሉ ቀድማ የምታነበው እሷ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ሲንጫጫ ስልክ ስለማይሰማት የትም ቦታ የእሱን ቁጥር ነው የምትሰጠው። ሆስፒታል ጡቷ ላይ ካበጠው ነገር ናሙና ወስደው «ውጤቱ ሲደርስ እንደውላለን» ሲሏትም የሰጠችው ያንኑ ነው።

በሳምንቱ ስልኩ ጮኸ። ከሆስፒታሉ መሆኑን ሲያይ አላነሳውም። «ያልታየ አልተወሰነም የሚባለው ለቅንጣት እንጂ ለሰው አይሠራም» እያለ ትውልድ ያስተማረ ሰው፣ ካላነሳሁት ውጤቱ አልተወሰነም ብሎ አሰበ እንግዲህ። ፍርሃት የተማረውን ካልተማረው አይለይም። በማግስቱም ደወሉ፣ በሦስተኛው ቀንም። ድምፁን አጠፋና ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«ደወሉ እንዴ?» ትለዋለች ክር በጥርሷ እየበጠሰች።

«አልደወሉም።»

«ደግ ነው። መጥፎ ቢሆን ይቻኮሉ ነበር።»

ይኼን በሰማ ቁጥር ልንገራት ይልና ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል። አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር መናገሩ ይብስ ከበደው፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይውላል እንጂ አንድ ገጽ አልጻፈም።

በአራተኛው ሳምንት ሱቋን ዘጋችና «ራሴ ሄጄ እጠይቃለሁ» አለች። ምን ብሎ ያስቀራት? አብሯት ሄደ። ሐኪሟ ፋይሉን ገልጣ ሁለቱንም አየቻቸው።

«የት ጠፍታችሁ ነው? ዘጠኝ ጊዜ ደወልን እኮ።»

ባለቤቱ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች። መሬት ብትከፈት ደስ ባለው።

«ካንሰር ነው» አለች ሐኪሟ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ፈጣን የሚባለው ዓይነት ነው። ያኔውኑ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ይዘንልዎት ነበር፣ ቀኑ አለፈ። ወደ ብብትዎ ሄዶ እንደሆነ ዛሬውኑ መታየት አለበት።»

«ፈርቼ ነው» አለ እሱ።

ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትጮህ በተሻለው ነበር። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«እኔም እኮ እየሞትኩ ነበር በፍርሃት» አለችው። «አልደወሉም ስትለኝ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።»